የጠዋቱን ፀሐይ ስጡት፣ የከሰዓቱን ከልክሉት

በዚህ ሐምሌና ነሐሴ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዛፍ ናቸው፤ በመከር ቅጠሉ ስለሚቀላው የጌጥ ዛፍ፣ ስለ ጃፓኒዝ ሜፕል። ደስ ብሎኛል። ሃያ ዓመት ያህል ዳላስ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት ይህን ዛፍ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሙቀት አገር የምትኖሩ ሁሉ ጥያቄያችሁ እዚያ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ብለድጉድ የሚባል ቀይ ጃፓኒዝ ሜፕል ገዝቼ ቤታችን ፊት ለፊት ተከልኩ። ልጃችን ክርስትና የተነሳችበት ሳምንት ስለነበር ባለቤቴ «የእሷ ዛፍ» ነው የምትለው። ቤቱ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ዛፉ ከመኪና መግቢያው ኮንክሪት አንድ ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። ለማሳመር ብዬ ዙሪያውን ነጭ ጠጠር አለበስኩት። የሣሩ ስፕሪንክለር በየቀኑ 10 ደቂቃ ያጠጣዋል። ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ። አሁን ግማሹ እሳት የነካው ይመስላል። ጎረቤቴ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ርጭበት ይለኛል። ጓደኛዬ ማዳበሪያ ጨምርበት ይላል። ባለቤቴ በመስኮት ባየችው ቁጥር ታዝናለች። ነቅዬ ልጣለው? (ሰ.፣ ከጋርላንድ)

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትነቅለው። መድኃኒቱንም ማዳበሪያውንም ተዋቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግ። ቅጠሉ ከደረቀበት ቀጭን ቅርንጫፍ አንዱን ያዝና ቅርፊቱን በጥፍርህ ትንሽ ፋቅ አድርገው። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ቅርንጫፉ በሕይወት አለ። የሚቀጥለው ዓመት ቅጠል የሚወጣበት እምቡጥም እዚያው፣ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተቀምጧል። የተቃጠለው ቅጠል ራሱ ግን አይመለስም። ቢሆንም አትልቀመው። ግማሹ ጤነኛ የሆነ ቅጠል አሁንም ዛፉን ይመግባል፤ ለግንዱም ጥላ ነው።

ጎረቤትህ በሽታ ያለው ለአንተ አስቦ ነው። በሽታው ግን መልኩ ሌላ ነው። ቨርቲሲሊየም የሚባል አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አለ፤ ሜፕልን ያጠቃል። እሱ ሲይዘው ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ያለ ሙሉ ቅርንጫፍ በድንገት ይጠወልጋል። ብትቆርጠው እንጨቱ ውስጥ የወይራ ፍሬ ቀለም ያለው ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ያንተ የተለበለበው ከጠርዝ ወደ ውስጥ ነው። ሄደህ እየው፤ ከመንገዱ በኩል፣ ማለትም በምዕራብ ያለው ከቤቱ በኩል ካለው ይብሳል ብዬ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ በሽታ ሳይሆን ፀሐይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል ቀኑን ሙሉ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ሲበረቱበት ሥሩ ከሚልክለት በላይ ያጣል። ውሃው በመጨረሻ የሚደርሰው ጠርዙና ጫፉ ጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። የጃፓኒዝ ሜፕል ቅጠል ደግሞ ስስ ነው። ሥሩም ወደ ታች ብዙ አይወርድም፤ ላይኛው አፈር ውስጥ ነው የሚንሰራፋው። ቶሎ የሚግለውና ቶሎ የሚደርቀው ደግሞ ይኸው ላይኛው አፈር ነው።

ብዙ ሰው «የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ሙቀት አይችልም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አገሩ ጃፓንና ኮሪያ ነው። ጃፓኖች ቅጠሉ ሲቀላ ሞሚጂ ይሉታል፤ ካኤዴ የሚለው ሌላ ስሙ ደግሞ «የእንቁራሪት እጅ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ቅጠሉን ዘርግታችሁ ብታዩት ይገባችኋል። በኅዳር ሰው ይህን ቅጠል ለማየት ከዓለም ዙሪያ ወደ ኪዮቶ ይሄዳል። የኪዮቶ ሰመር ደግሞ የሚያፍን ነው፤ 95 ፋራናይት (35 ሴንቲግሬድ) ማለፍ እዚያ ብርቅ አይደለም። ግን አየሩ እርጥበት አለው። ዛፉም በተፈጥሮው በተራራ ጫካ ውስጥ፣ ከእሱ ከሚረዝሙ ዛፎች ሥር ነው የሚያድገው። ሙቀቱን የሚያሳልፈው በጥላ ነው።

ይህን ባነሳሁ ቁጥር ቡና ትዝ ይለኛል። ያደግኩት አጋሮ ነው። ቡናም የጫካ ልጅ ነው፤ ከዋንዛ፣ ከሰሳና ከብርብራ ሥር ነው የሚመቸው። አባቴ የቡና ችግኝ ሲያፈሉ መደቡ ላይ የሣር ዳስ ይሠሩለት ነበር። ችግኙ ወደ ማሳ የሚወጣበት ጊዜ ሲቃረብ ሣሩን በየጥቂት ቀኑ እያሳሱ ያነሱታል። «ፀሐይን ቀስ አድርገሽ አስተዋውቂው» ይሉኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ጃፓኒዝ ሜፕል ብዙው የሚመጣው ከኦሪጎን ነው። እዚያ አየሩ ለስላሳ ነው። በሚያዝያ ከጭነት መኪና ወርዶ፣ ገና ለጋ ቅጠሉን እንደያዘ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከዳላስ ሐምሌ ጋር ይገናኛል። ማንም አላስተዋወቀውም። ያንተ ሁለተኛ ሰመሩ ቢሆንም ሥሩ ገና አልተንሰራፋም። ሦስት ዓመት ያህል ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። ዛፍህ ሦስት እሳት ላይ ነው የቆመው። አንደኛው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ሁለተኛው ኮንክሪቱ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል፤ ዛፉ ሌሊትም አያርፍም። ሦስተኛው ነጩ ጠጠርህ ነው። ፀሐይን ከታች ወደ ቅጠሉ ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለውን አፈርም ያግላል። እሱን ዛሬ ማታ አንሳው። በምትኩ የእንጨት ፍቅፋቂ መልች (የአፈር መሸፈኛ) ሦስት ኢንች ያህል ጎዝጉዝለት። ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር አርቀው። በግንዱ ዙሪያ እንደ ተራራ ቆልለው የሚተዉ ሰዎች አያለሁ፤ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል።

ስለ ውሃው ደግሞ በግልጽ ልንገርህ። የስፕሪንክለር 10 ደቂቃ የሣሩን ሥር ነው የሚያርሰው። የዛፉ ሥር ጋ በደንብ አይደርስም። በሌላ በኩል የዳላስ አፈር ዋልካ ነው። አገር ቤት የምናውቀው ያው ጥቁር ዋልካ። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ውሃውን ይዞ አያሳልፍም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካ ላይ ከመዝራታቸው በፊት መደብ ከፍ አድርገው ውሃው በቦዩ እንዲወርድ የሚያደርጉት በምክንያት ነው። ስለዚህ ሲያንስም ሲበዛም ይገድላል።

የመጀመሪያ ዛፌን ያጣሁት በዚህ ነው። 2011 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያ ሰመር ዳላስ ፎርት ዎርዝ 71 ቀን 100 ፋራናይት (38 ሴንቲግሬድ) ወይም ከዚያ በላይ ደረሰ። ዛፉን የተከልኩት ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ነው። እንዳንተው ቤቴ ፊት ለፊት፣ ምዕራብ በኩል። ቅጠሉ ሲለበለብ ደንግጬ ጠዋትም ማታም ውሃ አጠጣሁት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሞተ። ስነቅለው ጉድጓዱ ረግረግ ሆኗል፤ ይሸታል። ሥሩ ጠቁሮ ቅርፊቱ እጄ ላይ ተላጠ። ፀሐይ ቅጠሉን ለበለበው እንጂ አልገደለውም። የገደለው የእኔ ውሃ ነው። ችግኝ ጣቢያ እየሠራሁ ይህን ማድረጌ ለብዙ ጊዜ አንገበገበኝ።

ስለዚህ ከማጠጣትህ በፊት ጣትህን አፈሩ ውስጥ አስገባ። መካከለኛ ጣትህ እስከ መጨረሻው ገብቶ እርጥበት ካገኘ፣ ያን ቀን ተወው። ከደረቀ ቱቦውን በጣም ቀጭን አድርገህ ክፈተውና መሬት ላይ አስተኛው። ግማሽ ሰዓት ይንጠባጠብ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን አዙረው። በትልቁ ሙቀት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል። ጣትህ ግን ከእኔ ቁጥር ይበልጣል። ስፕሪንክለሩንም ቅጠሉን እንዳይመታ አዙረው።

ማዳበሪያ አሁን አይሆንም። ሥሩ ውሃ ባጠረበት ሰዓት ጨው መጨመር ነው። ደግሞ ለጋ ቅጠል እንዲያወጣ ይገፋፋዋል፤ እሱም ወዲያው ይቃጠላል።

እስከ መስከረም ድረስ ለዛፉ ዳስ ሥራለት። ሃርድዌር ሱቅ ሄደህ ከ30 እስከ 40 በመቶ ፀሐይ የሚከለክል የጥላ መረብ ግዛ። ሁለት ወይም ሦስት እንጨት በምዕራብና በደቡብ በኩል ትከልና ወጥርበት። ቅጠሉን እንዳይነካ። ጎረቤት ምን ይላል ብለህ አትጨነቅ፤ ሁለት ወር ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ቦታውን መቀየር አለብህ። በየዓመቱ እያቃጠሉ በውሃ ማስታመም ለአንተም ለዛፉም ድካም ነው። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ረግፎ ዛፉ ሲተኛ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር አንሳው። በመሬት ውስጥ ሁለት ዓመት የቆየ ዛፍ ብዙ አይቸግርም። የግንዱን ውፍረት ለካና ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ስፋት ያለው አፈር ከሥሩ ጋር ይዘህ ቁረጥ። ግንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአፈሩ ኳስ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አዲሱ ቦታ ከቤቱ በስተምሥራቅ ይሁን። ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ያግኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ7 ሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ ይድረስለት። ጉድጓዱን ሰፊ አድርገው እንጂ ጥልቅ አታድርገው። ግንዱ ሰፋ ብሎ ወደ ሥር የሚቀየርበት ቦታ ከመሬቱ ሁለት ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ እንደ እነዋሪ መደብ። ጉድጓዱን በኮምፖስት ብቻ አትሙላው። ዋልካ ውስጥ በኮምፖስት የተሞላ ጉድጓድ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል።

በባዶው ቦታ ክሬፕ ሜርትል የሚባለውን የአበባ ዛፍ ትከል። እሱ ይህንን ፀሐይ ይወዳል።

ሁለተኛውን ሜፕሌን የተከልኩት በ2012 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ ነው፤ ሴይርዩ የሚባለውን፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ አረንጓዴ ዝርያ። ከቤቴ በስተምሥራቅ፣ ከአንድ ትልቅ ኦክ ዛፍ ዳር። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ዳላስ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት (19 ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች) ሲደርስና የሁላችንም ቧንቧ ሲፈነዳ ሜፕሌ ተኝቶ አለፈው። ብርዱን አይፈራም። በኅዳር ጊዜ ካገኛችሁ ባለቤትህንና ልጅህን ይዘህ ፎርት ዎርዝ የሚገኘውን የጃፓን የአትክልት ሥፍራ እዩ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ ቦታው ድሮ ጠጠር የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። ሜፕሎቹ በትላልቅ ዛፎች ሥር ምን እንደሚመስሉ ታያለህ። በዚሁ በእኛው የቴክሳስ ሙቀት ውስጥ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራዬ አትክልት ሆኗል። ቀዩ ሜፕሌ በፀደይ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። አሁን ወደ አረንጓዴ ነሐስ ተቀየረ። ከግንዱ ሥር ደግሞ ቅጠሉ ጥርት ያለ አረንጓዴ የሆነ ቀንበጥ ወጥቷል። ዛፉ ዘሩን እየቀየረ ነው? (ጋሽ ወ.)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቀለሙ ጤነኛ ነው። ቀይ የሚያደርገው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው። ሙቀቱ ሲጠናና ቅጠሉ ሲያረጅ ይቀንሳል፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ይወጣል። በመከር ወቅት ይመለሳል። ጥላው በጣም ከበዛም ቀዩ ዝርያ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ በእርስዎ አካባቢ ለቀዩ ዝርያ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል የሚቆይ የጠዋት ፀሐይ አይንፈጉት። የዋሽንግተን አካባቢ ሰመር ከዳላስ የተሻለ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚቋቋሙም አሉ።

ቀንበጡን ግን ዛሬውኑ ይቁረጡት። የምንገዛው ሜፕል የሁለት ዛፍ አካል አንድ ላይ የተጋጠመበት (ግራፍት የተደረገ) ነው። ከታች ያለው ሥር ከዘር የበቀለ ተራ አረንጓዴ ሜፕል ሲሆን፣ ቀዩ እላዩ ላይ የተጋባ ነው። ግንዱ ላይ ዝቅ ብለው ቢያዩ እብጥ ያለ መጋጠሚያ ያገኛሉ። ከእሱ በታች የሚወጣ ሁሉ የአረንጓዴው ነው። ጉልበቱ ከቀዩ ስለሚበልጥ ቢተዉት ይውጠዋል። ከተነሣበት ቦታ ላይ ጥግ አድርገው ይቁረጡት።

ሌላ ሊጨምሩ ካሰቡ መጀመሪያ ዋሽንግተን ያለውን ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያ ሥፍራ) ይጎብኙ፤ መግቢያው በነፃ ነው። ፀሐይ ለሚበዛበት ቦታ እኔ የምመርጣቸው ብለድጉድ፣ ኢምፐረር ዋን፣ ታሙኬያማና ሴይርዩ ናቸው። ቅጠላቸው ቢጫ የሆነ ወይም ነጭ የተቀላቀለበት ዝርያ ጥላ ከሌለዎት አይግዙ። ነጩ ላይ አረንጓዴ ስለሌለ ቶሎ ይቃጠላል። ቅርንጫፉ እንደ ባሕር ኮራል የቀላው ሳንጎ ካኩ የሚባል ዝርያ በጣም ያምራል፤ በሙቀት ቦታ ግን ቅርንጫፉ ከጫፉ እየደረቀ ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ጥላ የለውም። አንድ ጃፓኒዝ ሜፕል ብተክል ይበቅላል? (ት.)

መልስ፦ እህቴ፣ መሬት ላይ አትትከዪው። ገንዘብሽ ያሳዝነኛል። ቬጋስ 110 ፋራናይት (43 ሴንቲግሬድ) ማለፍ የተለመደ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ብዙ ማዕድን ያለበት ውሃ ነው። ማዕድኑ አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ቅጠሉን ከጠርዙ ያደርቀዋል። ይህን ጥላም አይፈታውም።

በጣም ከወደድሽው በትልቅ የሸክላ ማሰሮ አድርገሽ በስተሰሜን በረንዳ ላይ አኑሪው። ጥቁር ፕላስቲክ አይሁን፤ ሥሩ ይቀቀላል። በየወሩ አንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ከላይ አፍስሺበት፤ ጨዉን አጥቦ ከታች እንዲወጣ። ለጓሮው ግን ሮማን ትከዪ። ፀሐዩን ይወደዋል፣ አበባው ቀይ ነው፣ ፍሬውን ደግሞ ትበያለሽ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አሜሪካ እህቴ ጋ ሄጄ በኅዳር ያየሁት የሜፕል ቅጠል ከዓይኔ አልጠፋም። ችግኝ በሻንጣ ባመጣ አያት ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ ይሆንልኛል? (መ.)

መልስ፦ እመቤቴ፣ በሻንጣ አያምጡ። ያለ አስመጪ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ችግኝ ማስገባት አይፈቀድም። ምክንያቱም በአፈሩና በሥሩ የሚመጣ ተባይ ለገበሬው ትልቅ ጣጣ ነው።

ቢመጣም ደግሞ ያዩትን ቀለም አይሰጥዎትም። ሜፕል ለመቅላት ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ እየበረደ መሄዱን ይፈልጋል። ከዚያ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ውስጥ መተኛት አለበት፤ ካልተኛ በሚቀጥለው ዓመት በደንብ አይነቃም። ጨንቻ ላይ አፕል የሚሆነው ደጋው ስለሚበርድ ነው፤ አፕሉም ብዙ ብርድ የማይጠይቅ ዝርያ ተመርጦ ነው። አዲስ አበባ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ ሜፕል በእርግጥ ዊንተር መግባቱን አይረዳም።

ቀይ ቅጠል ከሆነ የፈለጉት ፖይንሴቲያ ይትከሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአጥር በላይ የሚያድግ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ላይኛው ቅጠሉ ይቀላል። ከጎረቤት አንድ ስንዝር ተኩል ቅርንጫፍ ይጠይቁ። ነጩ ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ላይ ያስቀምጡትና ይትከሉት። ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፤ እጅዎን ይታጠቡ። ግቢዎ ሰፊ ከሆነና ወደ እንጦጦ ጠጋ ካሉ ደግሞ ኮሶ ይትከሉ። የሴቷ ኮሶ አበባ ቀላ ብሎ ሲንጠለጠል ያምራል። ለእሱ የሚሆን ቦታ ሲመርጡ ግን ዛፉ 20 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አስበው ከቤቱና ከኤሌክትሪክ ሽቦው ያርቁት።